አሮጌው ምን ሆነብህ?

ድምፁ ያን ያህል ትልቅ አልነበረም። እንደ ፈንዲሻ ነው፤ አንድ ፍሬ ፈንዲሻ። ጧ አለ፣ ከኮምፒውተሩ ኋላ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ፣ የቤቱ መብራት በሙሉ ድርግም ብሎ ጠፋ። ቀጥሎ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ላይ ትንሽ የዓሣ ሽታ የተቀላቀለበት፣ ጉሮሮ የሚይዝ ነገር ነው።

እማዬ ከኩሽና በስልኳ መብራት እየተመራች ብቅ አለች።

"ልጄ፣ ምንድን ነው? ነዘረህ እንዴ?"

"ደህና ነኝ እማ።"

እኔስ ደህና ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የ30 ሳምንት ዕቁብ ግን ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር።

ይህ የሆነው ነሐሴ 2017 ነው። ያ ኮምፒውተር አሁን እየሠራ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው በሱ ነው። ስለዚህ የኪሳራ ታሪክ አይደለም የማወራችሁ። ወራት አልፎም ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝ፣ በማግስቱ አንድ ሽማግሌ የጠየቁኝ ጥያቄ ነው። ሦስት ቃል ናት። መልስ አጣሁላት።

ዳንቴል የለበሰው ዴል

አሮጌው የምለው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። በየቢሮው ጠረጴዛ ሥር የምታዩት ያ ጥቁር ሳጥን። ውስጡ ኮር አይ5-3470 አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ቺፕ። እኔ እጅ የገባው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ዩዝድ፣ ከዱባይ ከመጣ ጭነት ላይ ተመርጦ። ሻጩ "አውሮፓ ቢሮ ውስጥ የሠራ፣ ሰው ያልነካው" ብሎ ነው የሸጠልኝ። ሰው ሳይነካው እንዴት እንደሠራ አልጠየቅሁም።

ሥራዬ የመጽሐፍ ገጽ ማቀናበር ነው። ደራሲው በወርድ ጽፎ ያመጣልኛል፤ እኔ መጽሐፍ አስመስለዋለሁ። ኅዳግ፣ ማውጫ፣ የግርጌ ማስታወሻ፣ አንዳንዴም ሽፋን። ይህን ሁሉ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በዚያ ሳጥን ነው። እማዬም እንደ ቤተሰብ ትቆጥረው ነበር፤ ቴሌቪዥኑን ያለበሰችውን ዓይነት ነጭ ዳንቴል ሠርታ አልብሳዋለች። ማታ ማታ፣ ሥራ ስጨርስ፣ ታለብሰዋለች። ጠዋት እኔ እገፈዋለሁ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ግን ከበዱ። ቁልፉን እጫናለሁ፣ እማዬ ቡናውን ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ታፈላለች። ማውሱ ሲጎተት መንቀሳቀስ የሚጀምረው አቦሉ ሲቀዳ ነው። 400 ገጽ ያለው ፋይል ላይ ፎንት ለመቀየር ከደፈርኩማ ስክሪኑ ነጭ ይሆንና እስከ በረካ ይቆያል። ትንሽ አጋንኜ ሊሆን ይችላል። ብዙ ግን አይደለም።

ሰፈራችን ውስጥ ኮምፒውተርም ራዲዮም የሚጠግኑ አንድ ሰው አሉ። ሁሉም "ኢንጂነር" ነው የሚላቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ዓመታቸውን የፈጁት ፒያሳ ቴፕ ሲጠግኑ ነው። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ሱቃቸው አብሮ ሄደ፤ አሁን ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ኮንቴይነር ውስጥ ናቸው። ያኔውኑ ነግረውኝ ነበር። "ሃርዱን በኤስኤስዲ ቀይርለት፣ ራም ጨምርለት፣ ገና ያገለግልሃል" ብለውኝ ነበር። ኤስኤስዲ ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣኑ ዕቃ ነው፤ ራም ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ። እሺ ጋሼ አልኩ። እሺ የምንለው ብዙ ጊዜ ላለመስማት ነው።

ከዚያ ማይክሮሶፍት ራሱ ምክንያት አቀበለኝ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ያበቃል ተባለ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድ እና ከዚያ በላይ ነው የሚቀበለው፤ የኔ ሦስተኛ ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ነገርም ይጠይቃል፤ እሱም የለኝም። ማስታወቂያው ስክሪኔ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። በትክክል ነው ያነበባችሁት፤ ደስ ይለኝ ነበር። "ምን ላድርግ፣ አበቃለት እኮ" የምልበት ወረቀት የተሰጠኝ ያህል ነው።

"ሲፒዩ ስጠኝ"

ላፕቶፕ ግዛ ያለኝ ብዙ ነው። መብራት ሲጠፋ ባትሪ አለው፣ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ሲበላሽበት ሁሉም ነገር ይበላሻል፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትልቅ ስክሪን ላይ ነኝ። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። በገዛ እጄ መገጣጠም ፈለግሁ። ከዩቲዩብ አርባ ያህል ቪዲዮ አይቻለሁ፤ ሕልሜ ውስጥ ሳይቀር ብሎን አጠብቅ ነበር።

ገንዘቡ ከዕቁብ ነው። 30 ሰው፣ በሳምንት 2,000 ብር። ዕጣው ሲወጣልኝ 60 ሺህ። ዕቁቡን ስንጀምር 60 ሺህ ትልቅ ብር ነበር፤ ሲደርሰኝ መካከለኛ ሆኖ ጠበቀኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተተወ ወዲህ፣ ባንክ ውስጥ 57 ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላው 130ን አልፏል። ይህን ሁላችሁም ኑሯችሁ ላይ ታውቁታላችሁ፤ እኔ የምጨምረው የኮምፒውተር ዕቃ ሻጭ ዋጋ ሲነግራችሁ ድምፁ እንዴት እንደሚቀንስ ብቻ ነው። "የዛሬ ዋጋ ነው ወንድሜ። ነገ አላውቅም።"

ከመርካቶ ሲኒማ ራስ እስከ ቦሌ ዞርኩ። መጀመሪያ የገባኝ ነገር ቋንቋችን ከቪዲዮው ጋር እንደማይገጥም ነው። "ሲፒዩ አለህ?" ብዬ ስጠይቅ ልጁ ሙሉ ሳጥን ይዞልኝ መጣ። እኛ ጋ ሲፒዩ ማለት ከሞኒተሩ ሌላ ያለው ነገር ሁሉ ነው። ቺፗን ከፈለግህ "ፕሮሰሰር፣ ብቻውን" ማለት አለብህ፤ ያኔም "ብቻውን ምን ያደርግልሃል?" ትባላለህ።

ሁለት ቀን ዞሬ ራይዘን 5 5600ጂ አገኘሁ። የመረጥኩት ለኪሴ ነው። ስድስት ኮር አለው፤ ዋናው ደግሞ ግራፊክሱ፣ ምስሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣው ክፍል፣ ውስጡ ስላለ ሌላ ካርድ መግዛት አያስፈልግም። ግራፊክሱ የሚበላው ከራሙ ላይ ስለሆነ፣ አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት ይሻላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ መንገዱ ይሰፋል። ሻጩ "ያው 16 አይደል?" እያለ ሲከራከረኝ ይህን በኩራት አስረዳሁት። (እግረ መንገዴን፦ ራሙን ነሐሴ ላይ መግዛቴ ዕድል ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላቱ የዓለሙን ራም ሲሻሙ ዋጋው የት እንደደረሰ ጠይቃችሁ እዩ።) ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ኤ520 ማዘርቦርድ፤ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ። ቆጥሬ ቆጥሬ እጄ ላይ 5 ሺህ ብር ገደማ ቀረ።

ያልተገዛው ኬዝ (ሳጥኑ) እና ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን መብራት ተቀብሎ ለዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው) ነው።

ኬዙን ሳየው ልቤ ሄደ። ጎኑ መስታወት ነው። ፊቱ ላይ ሦስት ቤንቲሌተር፣ ቀለማቸውን እየቀያየሩ የሚያበሩ። "ፓወሩስ?" አልኩት። "ውስጡ አለ፣ 500 ዋት። በነጻ በለው።" ተለጣፊው ላይ 500 የሚለው ቁጥር ከፋብሪካው ስም ይበልጣል። እጄን ሰድጄ አላነሳሁትም። ለምን አነሳዋለሁ? ተጽፏል እኮ።

አንድ ማታ ሙሉ ገጣጠምኩ። የፈራሁት ፕሮሰሰሩን ነበር፤ 1,331 ፀጉር የሚያህሉ እግሮች አሉት፣ አንዷ ከታጠፈች አለቀ። ጥጉ ላይ ያለችውን የወርቅ ሦስት ማዕዘን ከማዘርቦርዱ ሦስት ማዕዘን ጋር አገጣጥሜ ስለቀው፣ ምንም ሳልጫነው ቁጭ አለ። እንደዚያ ያለ ደስታ ትንሽ ነው። ከኋላ የሚገባው ቆርቆሮ ጣቴን ቆረጠኝ፣ ፕላስተር ለጠፍኩ፣ ቀጠልኩ። ሽቦዎቹን በቪዲዮው ላይ እንዳየሁት በኬዙ ጀርባ አሾልኬ አሰርኩ። እማዬ ሁለት ጊዜ መጥታ "አልመሸም?" አለችኝ።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ገመዱን ዲቫይደሩ ላይ ሰካሁ። ከኋላ ያለችውን ማብሪያ ወደ ላይ ገፋኋት። ገና የፊቱን ቁልፍ ሳልነካ፣ ጧ።

"እስቲ መዝነው"

ሌሊቱን አልተኛሁም። ለሻጩ የምናገረውን ሳሰናዳ አደርኩ። ሦስት ዓይነት ንግግር አዘጋጅቻለሁ፤ አንዱ ፖሊስ ያለበት ነው። ጠዋት ግን እግሬ ወደ ቦሌ አልሄደም። ኮምፒውተሩን በፎጣ ጠቅልዬ፣ እንደ ታመመ ልጅ አቅፌ፣ ወደ ኮንቴይነሩ ሄድኩ።

ኢንጂነር የአንድ ሴትዮ ላፕቶፕ ከፍተው ራሙን በላጲስ እያሹ ነበር። የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ላጲስ አለ። የራሙ የወርቅ ጥርሶች ሲቆሽሹ በላጲስ ይፈግጉታል፣ እፍ ይሉበታል፣ ይመልሱታል። "ግማሹ በሽታ በላጲስ ይድናል፣ ለደንበኛ አትንገር" ይላሉ። ሴትዮዋን ሸኟትና ወደኔ ዞሩ። አንዲት ጥያቄ አልጠየቁኝም። ጎንበስ ብለው የኬዙን ጀርባ አሸተቱ።

"ፓወሩ ነው" አሉ። "ሻጩ ነው የገጠመልህ፣ አንተ?"

"እኔው ነኝ ጋሼ።"

ኬዙን አዞሩና መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። በጠመንዘዣው ጫፍ ከገመዱ መሰኪያ ጎን ያለች ቀይ ነገር ነኩ። የጥፍር ያህል ናት።

"ይቺን አይተሃታል?"

አላየኋትም። ማለቴ፣ ዓይኔ አርፎባታል፤ ጌጥ መስላኝ ነው። ላይዋ ላይ 115 የሚል ቁጥር ይነበባል። በጠመንዘዣው ገፋ ሲያደርጓት ተንሸራታ 230 ሆነች።

"እኛ ቤት የሚመጣው ስንት ነው?"

"220" አልኩ። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሆንኩ።

ያስረዱኝን በኔ አፍ ልድገመው። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ መብራቱ 110 ለሆነበት አገርም፣ 220 ለሆነበትም አገር እንዲሸጥ ይቺ ቀይ ማብሪያ ትደረግለታለች። 115 ላይ ስትሆን፣ "የሚመጣው ትንሽ ነው" ብሎ ውስጡ የገባውን እጥፍ ያደርገዋል። የእኛ 220 ውስጡ ገብቶ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ሲቀየር 310 ገደማ ነው፤ እጥፉ ከ600 ያልፋል። እዚያ የተቀመጡት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ሁለት ኮንደንሰሮች ደግሞ እያንዳንዳቸው የተሠሩት ለ200 ቮልት ነው። ሁለት ሰው 600 ኪሎ አሸክመህ እንደመላክ ነው። ፈነዱ።

አርባ ቪዲዮ አይቻለሁ አላልኳችሁም? አንዱም ላይ ያቺ ቀይ ማብሪያ የለችም። ለምን እንደሌለች በኋላ ገባኝ። እነዚያ ልጆች የሚገጥሙት ፓወር ከ100 እስከ 240 ቮልት የመጣውን ሁሉ ራሱ እያወቀ የሚቀበል ዓይነት ነው፤ ማብሪያ አያስፈልገውም፣ ስለዚህ አያነሷትም። የተማርኩት ሁሉ ትክክል ነበር። የተማርኩት ግን የሰው ቤት መብራት ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ ስንት እግር እንዳለው የማውቅ ሰው፣ ከግድግዳዬ ምን እንደሚወጣ ቆም ብዬ አላሰብኩም። ያውም ያ ግድግዳ እኮ ያውቀኛል፤ ሶኬታችን መሬት ሽቦ ስለሌለው የዴሉን ቆርቆሮ በባዶ እግሬ በነካሁ ቁጥር ሲነዝረኝ ነው የኖረው።

ለሻጩ ያዘጋጀሁት ንግግር በሦስቱም ዓይነት ከአፌ ላይ ረገፈ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የማፈሰውን ነገር 30 ሳምንት ሳጠራቅም ከርሜ ነው የቸኮልኩት።

"አይዞህ" አሉ ጋሼ ፊቴን አይተው። "ይቺን ባትረሳትም ዓመት አያቆይህም ነበር። እስቲ መዝነው።"

ፓወሩን ፈትተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ቀላል ነው። የባዶ ጣሳ ያህል ነው ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ጣሳ ትዝ አለኝ።

"ብርቱካን ስትገዛ በእጅህ ትመዝን የለም? ውሃ ያለው ይከብዳል። ፓወርም እንደዚያው ነው። 500 ብሎ ለመጻፍ ማን ይከለክለዋል?"

ክዳኑን ከፈቱት። ሁለቱ ኮንደንሰሮች አናታቸው ተቀዶ እንደ አበባ ወጥቷል። የፊውዙ መስታወት ጥላሸት ሆኗል። ከዚህ ይልቅ ዓይኔ የቀረው ባዶው ቦታ ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ ስም ተጽፎላቸው፣ ቀዳዳ ተበጅቶላቸው፣ ያልመጡ ዕቃዎች አሉ። ከመብራቱ ጋር የሚመጣውን ረብሻ የሚያጣራው ጥቅል ሽቦ መቀመጥ ያለበት ቦታ ላይ አንዲት የሽቦ ቁራጭ ከዚህ ወዲያ ተወርውራለች። ድልድዩ መፍረሱን ለመደበቅ እንጨት እንደመጋደም ዓይነት።

275

"አሮጌው አለ አይደል? የሱን ፓወር ፈተህ አምጣው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እሱ እኮ 275 ዋት ነው።"

"አምጣው።"

ወደ ቤት ተመለስኩ። ዴሉ አልጋዬ ሥር ገብቶ ነበር፤ እማዬ እዚያም ሆኖ ዳንቴሉን አልነሳችውም። ከፈትኩት። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጡን ያየሁት ሁለቴ ብቻ ነው። አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነባብሯል። አራት ብሎን ፈትቼ ፓወሩን ሳወጣው ክንዴ ወደ ታች ወረደ። ከባድ ነው። ኮንቴይነሩ እስክደርስ ሁለት ጊዜ እጅ ቀይሬያለሁ። እዚያው መንገድ ላይ ነው ነገሩ ደስ የማይል ስሜት የሰጠኝ፤ አንድን ሰው ጡረታ ካወጣኸው በኋላ ልትበደረው እንደመሄድ።

ጋሼ አዲሱን ማዘርቦርድ ከነኬዙ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። የዴሉ ባለ 24 ቀዳዳ ሶኬት ገጠመ። ለፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ የሚጠይቀው ስምንት ቀዳዳ ነው፤ አሮጌው ያለው አራት። ግማሹ ላይ ሰኩት። "ያንተ ፕሮሰሰር 65 ዋት ነው፣ ይበቃዋል። ሁሉ ዕቃህ አንድ ላይ ቢጮህ 150 አይሞላም። 500 ለማን ነበር?"

ቁልፉን እኔን አስጫኑኝ። እጄ ላይ ፕላስተሩ አለ። ተጫንኩ።

ቤንቲሌተሩ አንዴ ነቅነቅ አለ፣ ቆመ መሰለኝ፣ ከዚያ መዞር ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ ሠርግ ሆነ። የጋሼ አሮጌ ሞኒተር ላይ የማዘርቦርዱ ዓርማ ብቅ አለ። ቀጥሎ ጽሑፉ መጣ። 5600ጂ፣ 16 ጊጋ። ሁሉም አለ። ፍንዳታው ከፓወሩ አላለፈም።

እኔ "ተመስገን" እያልኩ ነው። ጋሼ ግን የሚያዩት ስክሪኑን አይደለም። ጠረጴዛው ላይ በአቧራ የተለበጠውን፣ የሚጎመጉመውን የዴል ፓወር እያዩ ነው። እጃቸውን ላዩ ላይ አሳርፈው፣ ወደኔ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

"አሮጌው ምን ሆነብህ?"

"ጋሼ፣ ዊንዶውስ 10 እኮ በጥቅምት…"

"መስኮቱን ተወው። ቤቱ ምን ሆነ?"

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። እየጠበቁኝ ነው። ለመመለስ አፌን ከፍቼ ምንም የሚወጣ ነገር አጣሁ። "ይዘገያል" ልል ነበር፤ የመዘግየቱን መድኃኒት የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። "አርጅቷል" ልል ነበር፤ ያረጀው ነገር እፊታችን አዲሱን ተሸክሞ እየሠራ ነው። ሌላ ደንበኛ ገባና አዳነኝ።

ያልነገርኳቸው

መልሱን ለብቻዬ ስፈልገው ከረምኩ። አንዱ እንዲህ ነው።

ከዓመት በፊት አንድ ደራሲ ቤቴ መጥቶ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉ ነው፤ ገጹን አብረን እንድናይ። ዴሉ እስኪነሳ ቡና ጠጣን። ስክሪኑ ሲነጣ፣ እኔ ስስቅ፣ ሰውዬው ዳንቴሉን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ "በዚህ ነው የምትሠራው?" አለኝ። በክፋት አይመስለኝም። ከሳምንት በኋላ ሥራውን ለሌላ ሰጠ። በዋጋ ይሆናል። የኔን አቀማመጥ አልወደደው ይሆናል። እኔ ግን ጥፋቱን ወስጄ ሳጥኑ ላይ ጫንኩት። እሱ አይከራከር።

ያን ቀን ማታ ነው የመጀመሪያውን ቪዲዮ የከፈትኩት። የዊንዶውስ ማስታወቂያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አሁን ስጽፈው ነው ልብ ያልኩት።

ስለዚህ መስታወት ጎን ያለው ኬዝ የገዛሁት ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው። እኔ የምቀመጠው ከፊቱ ነው፤ ጎኑ የሚታየው በር ላይ ለሚገባ ሰው ነው። ገንዘቤን ለሚታየው ከፋፍዬ ስጨርስ፣ ለማይታየው "በነጻ በለው" የተባለውን ወሰድኩ። ይህ ሌላ ሰው ቢያደርገው አይደንቀኝም። የኔ የሚያሳፍረው ሥራዬ ስለሆነ ነው። ሽፋኑን በወርቅ ቀለም አሳትመው ለእርማት ክፍያ የሚሰስቱ ደራሲዎችን ስንቴ ገሥጫለሁ! "አንባቢ ኅዳግ አያይም፣ ኅዳግ ሲጠብ ግን ዓይኑ ይደክመዋል" የምትለዋ ንግግሬ ለሁሉም ደንበኛ የምትደርስ ናት። ፓወር ሰፕላይ የኮምፒውተር ኅዳግ ነው። እጄን ሰድጄ አልነካሁትም።

አዲሱን ተጸጽቼበታለሁ ብል ግን ውሸት ነው። 400 ገጹን ፋይል ፎንት ስቀይርለት ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ይጨርሳል። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባል ዓይነት ለውጥ አይደለም፤ ይሻላል፣ በብዙ ይሻላል። ያስፈልገኝ ነበር። ብቻ፣ ያስፈልገኝ የነበረበት ምክንያትና እኔ ያዘዝኩበት ምክንያት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በአጋጣሚ አንድ ሱቅ ውስጥ ተገናኙ።

ሁለት ሳምንት አዲሱ በአሮጌው ፓወር ሠራ። ኬዙ ውስጥ ሽቦው ስላልደረሰ ጎኑን ከፍቼ፣ ፓወሩን ወንበር ላይ አስቀምጬ። መስታወቱ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። የሚያምር ነገር አልነበረም። መጨረሻ ላይ ከእህቴ ተበድሬ ደህናውን ገዛሁ፤ 450 ዋት ነው የሚለው፣ ማብሪያ የለውም፣ ከ100 እስከ 240 የመጣውን ይቀበላል። ሱቁ ውስጥ ከሳጥኑ አስወጥቼ በእጄ መዘንኩት። ሻጩ ግራ ገብቶት አየኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አለች እህቴ፤ አሁንም እየከፈልኳት ነው። ስታብላይዘር ጨመርኩበት። ሶኬቱን መሬት ሽቦ አስገባሁለት፤ አሁን አይነዝርም።

የዴሉን ፓወር አቧራውን አራግፌ ወደ ቦታው መለስኩት። ጋሼ እንዳሉት ኤስኤስዲ ገባለት፣ ከሳቸው ዩዝድ ራም ተጨመረለት፣ ጥርሱ በላጲስ ታሽቶ። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት ጫንኩበት፤ ሊኑክስ ትውልድህን አይጠይቅም። የእህቴ ልጅ የቤት ሥራዋን ትሠራበታለች። ቁልፉን ስትጫን ቡና አይፈላም፤ ጊዜ አይበቃም።

የተቃጠለውን ፓወር ጋሼ አልመለሱልኝም። ቤንቲሌተሩን አውጥተው ኮንቴይነራቸው ውስጥ ሰቅለውታል፤ በቀትር ፀሐይ ይዞርላቸዋል። ጥያቄያቸውን አልደገሙትም። እኔም ያቺን የደራሲውን ነገር አልነገርኳቸውም።

ዳንቴሉ የቀረው እኛ ቤት ነው። አዲሱ ኬዝ ሙቀቱን የሚያስወጣው በአናቱ ነው። እማዬ ማታ ታለብሰዋለች፣ እኔ ጠዋት አነሳለሁ። ሌሊት ሥራ አስቀምጬበት የምተኛበት ቀን አለ፤ ይታፈናል፣ ይሞቃል። "እማ፣ ይሄኛው በአናቱ ነው የሚተነፍሰው" ብዬ አስረዳኋት። "እሺ" አለች፤ እኔ ለጋሼ የምለውን ዓይነት እሺ። ትናንት ማታ ከውጭ ስገባ ለብሶ አገኘሁት። ላነሳው ስጠጋ አየሁት፤ መሐሉን በመቀስ ከፍታ፣ ዙሪያውን በኪሮሽ መልሳ ሠርታዋለች። ቀዳዳው ልክ በቤንቲሌተሩ ላይ ነው። መብራቱ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እያለ በዳንቴሉ ቀዳዳ ይወጣል።